ዳገት ላይ ብቻ የሚሞቅ ሞተር፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ከተማ ውስጥ መኪናዋ ሰላም ናት። ቀኑን ሙሉ ብትዞር ጌጁ ንቅንቅ አይልም። ከጎሃ ጽዮን ወርዳችሁ፣ የአባይን ድልድይ ተሻግራችሁ ወደ ደጀን መውጣት ስትጀምሩ ግን መርፌው ይነሳል። ሰውና ዕቃ ሞልቷል፣ ማርሹ ሁለተኛ ነው፣ በረሃው ይፋጃል። ግማሽ መንገድ ሳትደርሱ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይወጣል።

የእኔ አባዱላ (የቶዮታ ሚኒባስ) አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ አንገላታኛለች። መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈውን በር) አውጥቶ ጣለው። ቀጥሎ የውሃ ፓምፑ ተቀየረ። ዳገቱ ላይ ያው ነው። በመጨረሻ አንድ አዛውንት መካኒክ የራዲያተሩን ክዳን ገልብጠው ጎማውን በጥፍራቸው ጫን አሉት። እንደ ደረቀ ቂጣ ተሰነጣጥቋል። «ልጄ፣ ውሃህን የሚያፈላው ይሄ ነው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተር ደግሞ በጤናውም ጊዜ 90 ዲግሪ አካባቢ ይሠራል። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አምቆ የሚይዘው ግፊት ነው። ብዙ የቶዮታ ክዳኖች ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል የግፊት ቁጥር አለ። የ0.9 ክዳን በደንብ ከያዘ መፍያው ከ110 ዲግሪ በላይ ይሄዳል። ክዳኑ ከላላ ግን ዳገቱን በወጣችሁ ቁጥር ውሃው ቶሎ ይፈላል። ለደጋ አገር ክዳን ቀላል ዕቃ አይደለም። ቁጥሩን አይታችሁ ትክክለኛውን ግዙ፣ መጀመሪያም እሱን ቀይሩ።

ክዳኑ ደህና ከሆነስ? መቼ እንደሚሞቅ አስተውሉ። ትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ሞቆ መንገድ ሲከፈት የሚበርድ ከሆነ ፋኑን ጠርጥሩ። ኤሌክትሪክ ከሆነ ፊውዙንና ሪሌውን እዩ። በቺንጊያ የሚዞር ከሆነ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በእጅ አዙሩት። ያለ ምንም መያዝ የሚሽከረከር ከሆነ የፋኑ ክላች አልቋል። ቀስ ተብሎ በሚወጣ ዳገት ላይም ነፋሱ ትንሽ ስለሆነ ይሄው ችግር ይታያል።

ጭነትና ዳገት ላይ ብቻ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ራዲያተሩ ነው። ለከተማ የሚበቃ ውሃ ያሳልፋል፣ ለዳገት አይበቃም። ከውጭ ጀምሩ። በኤሲው ራዲያተርና በሞተሩ ራዲያተር መሃል ባትሪ አብሩና እዩ። አቧራ፣ ነፍሳት፣ የጤፍ ገለባ ተጠቅጥቆ ታገኛላችሁ። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ ግፊቱ ዝቅ ባለ ውሃ እጠቡት። ኃይለኛ ግፊት ክንፎቹን ያጣምማል። የውስጡን ለማወቅ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ክፈቱ። ውሃው የዝገት ቀለም ካለው ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ሲጠጣ ኖሯል ማለት ነው። ይታጠብ። በጣም ከተዘጋ ይቀየር። ከዚያ በኋላ ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ ንጹህ ውሃ አድርጉ።

የታችኛውን ጎማ ቱቦም አትርሱ። ሞተሩ ሞቆ ሳለ አንድ ሰው ነዳጅ ይስጥ፣ እናንተ ከፋኑ ራቅ ብላችሁ ተመልከቱ። ቱቦው ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ፓምፑ ውሃ አያገኝም። ቱቦው ይቀየር።

ቴርሞስታት ማውጣት መፍትሄ አይደለም። በሽታውን ይደብቃል፣ ሞተሩም በቂ ሙቀት ሳያገኝ ይሠራል። ከተጠራጠራችሁ አውጥታችሁ ድስት ውስጥ ከውሃ ጋር አፍሉት። ካልተከፈተ አዲስ አስገቡ።

የሚያስፈራው የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በአካሉ መሃል ያለው ማሸጊያ) መበላሸት ነው። ምልክቱ፦ ውሃ ይጎድላል፣ የሚያፈስበት ቦታ የለም። ጠዋት በቀዝቃዛው ክዳኑን ክፈቱና አስነሱ። ነዳጅ ስትሰጡ አረፋ ያለማቋረጥ ከመጣ፣ ወይም ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ፣ ሌላ ዕቃ በመቀየር ብር አትጨርሱ። ቴስታታው ይውረድ፣ ቀጥ ማለቱም ይለካ። ሳይለኩ ጓርኒሲዮን ብቻ መቀየር ሥራውን ሁለቴ መሥራት ነው።

ፍሬን የሚይዝ ጎማም ሞተር ያሞቃል። ከመንገድ ስትመለሱ ቸርኬዎቹን በእጅ ቀረብ ብላችሁ አወዳድሩ።

ዳገት ላይ መርፌው ከተነሳ ኤሲ አጥፉ፣ መስኮት ከፍታችሁ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ልቀቁት። እሱም ትንሽ ራዲያተር ነው። ካልወረደ ዳር ያዙ። እንፋሎት ከሌለ ለጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጡ እየሠራ) ተዉት። እንፋሎት ካለ ወይም ቺንጊያ ከተበጠሰ ወዲያው አጥፉ። ክዳኑን ግን እባካችሁ አትንኩ! ቢያንስ 45 ደቂቃ ጠብቁ። የሚፈላ ውሃ ፊት ላይ ይፈነጫል። በጋለ ሞተር ላይም የጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱ፣ ቴስታታ ይሰነጠቃል።

ከጥገና በኋላ አየሩን አስወጡ። አፍንጫዋን ወደ ዳገት አቁማችሁ፣ ማሞቂያውን ከፍታችሁ፣ አረፋው እስኪያልቅ ቀስ እያላችሁ ሙሉ። ከዚያ እንጦጦን አውጧት። በማግስቱ ጠዋት ውሃውን ደግማችሁ እዩ።