ሥራ ሲቀይሩ የጡረታ አገልግሎትዎ እንዳይቆራረጥ ምን ማድረግ አለብዎት?

ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ ቶሎ የሚያስታውሰው የመጨረሻ ደመወዙንና ያልወሰደውን የዓመት ፈቃድ ነው። የጡረታ መዋጮው ግን ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ያኔ ደግሞ የቀድሞው ድርጅት ተዘግቶ፣ ሒሳብ ሠራተኛውም የት እንደገባ ጠፍቶ ይሆናል። ለዚህ ነው ጉዳዩ ገና ከመሥሪያ ቤቱ ሳይወጡ ማለቅ ያለበት።

ስሌቱን ማወቅ ይጠቅማል። በየወሩ ለሚከፈል ጡረታ ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። በ10 ዓመት የሚገኘው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከነበረው አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታከላል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። አንድ ቦታ 4 ዓመት፣ ሌላ ቦታ 7 ዓመት የሠራ ሰው በጠቅላላው 11 ዓመት አለው። አማካይ ደመወዙ 20,000 ብር ቢሆን በወር 6,250 ብር ይደርሰዋል። የመጀመሪያው 4 ዓመት በማስረጃ ጉድለት ካልተያዘለት ግን በእጁ የሚቀረው 7 ዓመት ነው፤ ወርሃዊ ጡረታም አያገኝም።

1. በየትኛው ዐቅድ ውስጥ እንዳሉ ይወቁ። የግል ድርጅት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ምትክ በወጣው በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው፤ የመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1267/2014። የወታደርና የፖሊስ መዋጮ ከፍ ይላል እንጂ በሁለቱም በኩል ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣል። ከመንግሥት ወደ ግል ወይም ከግል ወደ መንግሥት ቢዛወሩ አገልግሎቱ ይደመራል፤ የሚለያየው ፋይሉን የሚይዘው መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። በጡረታ ፈንታ ፕሮቪደንት ፈንድ (ሠራተኛው ሲለቅ በአንድ ጊዜ የሚከፈለው የተጠራቀመ መዋጮ) ያለው ድርጅት ውስጥ ከነበሩ ግን ያ ጊዜ እንደ ጡረታ አገልግሎት ይቆጠራል ብለው አያስቡ። ከሰው ሀብት ክፍል በጽሑፍ ይጠይቁ።

2. መዋጮው በእርግጥ ገቢ መደረጉን ያጣሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፔይስሊፕ (የወር ደመወዝ መግለጫ ወረቀት) ላይ "ጡረታ 7%" ተብሎ መቆረጡ የሚያረጋግጠው ከደመወዝዎ መቀነሱን እንጂ ገንዘቡ ለጡረታ ፈንዱ መድረሱን አይደለም። ድርጅቱ የእርስዎን 7 በመቶ ከራሱ 11 በመቶ ጋር አድርጎ፣ ወሩ ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ ገቢ ማድረግ አለበት። ገንዘብ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚያዘገየው ግን ብዙ ጊዜ ይህንን ክፍያ ነው፤ ሠራተኛው አያየውምና።

ስለዚህ ፋይናንስ ክፍል ሄደው ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ የወሩን የጡረታ መዋጮ ማስታወቂያ ቅጽና የተከፈለበትን ደረሰኝ። ቅጹ ላይ በአንድ መስመር የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎ፣ ስምዎ ከነአባትና አያት፣ የተቀጠሩበት ቀን፣ የወር ደመወዝዎ፣ 7 በመቶው፣ 11 በመቶውና ድምሩ 18 በመቶ ይነበባሉ። ደመወዝዎ 20,000 ብር ከሆነ 1,400፣ 2,200 እና 3,600 ብር መሆን አለባቸው። የሁሉንም ወር ማየት ካልተቻለ ሦስት ወር ይምረጡ፤ የተቀጠሩበትን የመጀመሪያ ወር፣ ደመወዝ የተጨመረልዎትን ወርና የቅርቡን ወር። ስሕተት የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ነው፤ አዲስ ሠራተኛ ዘግይቶ ይመዘገባል፣ ጭማሪው ፔይሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) ላይ ገብቶ ቅጹ ላይ በአሮጌው ደመወዝ ይቀጥላል።

ጉድለት ካገኙ የ30 ቀኑ የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳያልቅ በደብዳቤ ያመልክቱ፤ ቅጂውን ገቢ አስደርገው፣ ማኅተም አስመትተው ይያዙ። በቃል መነጋገር አያዋጣም። ድርጅቱ ዝም ካለ ፔይስሊፕዎንና የቅጥር ደብዳቤዎን ይዘው ወደ ግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቅርንጫፍ ይሂዱ።

3. ስምና የልደት ቀን ያስተካክሉ። ዕድሜ የሚያዘው መጀመሪያ ሲቀጠሩ ባስመዘገቡት የልደት ቀን ስለሆነ፣ አዲሱ ቦታ ላይ የተለየ ቀን መሙላት ለኋላ ጣጣ ያመጣል። የስሕተቱ ዋና ምንጭ የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ነው። መጋቢት 5 ቀን 1980 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ልደቱ ማርች 14 ቀን 1988 ነው። ቅጽ የሚሞላው ሰው ወሩን ለውጦ ዓመቱን 1980 ብሎ ከተወው፣ ሠራተኛው በመዝገብ ላይ የ1972 ዓ.ም. ልደተኛ ይሆናል፤ የ60 ዓመት የጡረታ ዕድሜውም ከ8 ዓመት በፊት ይመጣበታል። ከተቻለ በሁሉም ቅጽ ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሙሉና "ዓ.ም." የምትለዋን ጽሑፍ አይተዉ። ስምዎንም እስከ አያት፣ በመታወቂያዎ ላይ ባለው ፊደል ይጻፉ።

4. የሥራ ልምድ ማስረጃና መልቀቂያ ይውሰዱ። የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ መስጠት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአሠሪው ግዴታ ነው። "ከ2010 እስከ 2014" የሚል ደብዳቤ አይቀበሉ፤ ቀንና ወር ይኑረው። የጡረታ መለያ ቁጥርዎና መዋጮው የተከፈለበት የመጨረሻ ወር እንዲጠቀስም ይጠይቁ። ሒሳብዎ ሲዘጋ የጡረታ መዋጮው በእጅ አይሰጥዎትም፤ የሚሻገረው አገልግሎቱ ነው።

5. አዲሱ ቦታ የነበረዎትን መለያ ቁጥር ይስጡ። "የጡረታ ቁጥር አለዎት?" ሲባሉ ፈልጎ ከማምጣት ይልቅ "የለኝም" ማለት ይቀላል፤ ግን በሁለት ቁጥር የተበታተነ አገልግሎትን በኋላ አንድ ማድረግ ብዙ ያመላልሳል።

ውል ከመፈረምዎ በፊት ደግሞ ደመወዝዎ እንዴት እንደተከፋፈለ ይመልከቱ። መዋጮ የሚሰላው ከዋናው ደመወዝ ነው፤ የትራንስፖርትና የቤት አበል፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያም አይገቡበትም። 25,000 ብር ቃል ተገብቶልዎት 12,000ው ደመወዝ፣ 13,000ው አበል ከሆነ አሠሪው የሚያዋጣልዎት 1,320 ብር ነው። ሙሉው ደመወዝ ቢሆን 2,750 ብር ያዋጣ ነበር። ጡረታዎም የሚሰላው በ12,000ው ነው። አበል የበዛበት ቅጥር ለእጅ ደስ ይላል፤ ከ45 ዓመት በላይ ላለ ሰው ግን ዋናውን ደመወዝ ለማስጨመር መደራደር የተሻለ ነው እላለሁ።

6. ከሁለተኛው የደመወዝ ወር በኋላ በተራ ቁጥር 2 የተባለውን ቅጽ አዲሱ ድርጅት ውስጥም ጠይቀው ይዩ። የተቀጠሩበት ቀን ከቅጥር ደብዳቤዎ ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ በሙከራ ጊዜ ምክንያት ቀኑ ወደ ፊት ተገፍቶ ከተጻፈ ያኔውኑ ያስተካክሉ። ወረቀቶቹን በሙሉ በስልክ ፎቶ አንሥተው ለራስዎ በኢሜይል ይላኩ፤ ዋናዎቹን ከትምህርት ማስረጃዎ ጋር በአንድ ማኅደር ያስቀምጡ።