«ቅጠል ነው፣ ምን ያደርጋል?»፦ የስኳር ሕመምተኞች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው። የስኳር ሕመምተኞች በየወሩ ኪኒናቸውን ወይ ኢንሱሊናቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ማውራታችን አይቀርም። ከብዙዎቹ ጋር ቤተሰብ ሆነናል። ለዚህ ነው አንዳንዱ ነገር እንዲህ የሚያንገበግበኝ።

ከሁሉም የሚብሰው ኪኒን ትቶ ዱቄት መጀመር ነው። የሽፈራው ቅጠል፣ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ቀረፋ፣ አሁን አሁን ደግሞ በቴሌግራም የሚሸጥ፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ እንክብል። «ስኳርን ከነሥሩ ይነቅላል» ይላል ማስታወቂያው። እንደዚያ የሚያደርግ ዱቄት የለም! አብሽና ሽፈራው ስኳርን ትንሽ ዝቅ ሊያደርጉ እንደሚችሉ የሚጠቁሙ አነስተኛ ጥናቶች አሉ፣ አልክድም። ግን ትንሽ ማገዝ ሌላ፣ መድኃኒት መተካት ሌላ። አንድ አባት ለወራት ጠፍተው ቆዩና እግራቸው ቆስሎ መጡ። «ልጄ፣ ቅጠል ነው፣ ምን ያደርጋል ብለውኝ እኮ ነው» አሉኝ። ቅጠሉ አይደለም የጎዳቸው፣ የተዉት ኪኒን ነው። ስኳር ከፍ ሲል ብዙ ጊዜ አያምም፣ ሰውም «ደህና ነኝ» እያለ ዓይኑ፣ ኩላሊቱና እግሩ ይጎዳሉ። ስለዚህ ስሜታችሁን አትመኑ። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን የኤዋንሲ ምርመራ አሠሩ።

ዓይነት አንድ ስኳር ያለበት፣ ማለትም ሰውነቱ ኢንሱሊን የማያመርት ልጅ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የወራት ሳይሆን የቀናት ነው። ኢንሱሊን ለሰው መሰጠት የጀመረው በ1922 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት እነዚህ ልጆች ብዙም አይቆዩም ነበር። ኢንሱሊን ሲቋረጥ ደሙ አሲድ ይሆናል፣ ያስታውካል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ከዚያ ራስን መሳት ይከተላል። እባካችሁ፣ ጸበል ስትሄዱም መድኃኒቱን ይዛችሁ ሂዱ።

«እኔ ግን እንክብሉን ወስጄ ስኳሬ ወረደልኝ» የሚሉኝም አሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለስኳር ሕመም ተፈጥሯዊ ተብለው በሚሸጡ ምርቶች ውስጥ ማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ግሊቤንክላሚድና ሜትፎርሚን፣ ማለትም ሐኪም የሚያዛቸውን የስኳር ኪኒኖች፣ አግኝቶ አስጠንቅቋል። ከሐኪም የታዘዘውን ግሊቤንክላሚድ እየዋጠ ሌላ የተደበቀ የሚጨምር ሰው ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። የምትወስዱትን ሁሉ፣ ቫይታሚኑንም ሻዩንም፣ ዕቃውን ይዛችሁ አሳዩን። አንቆጣም።

ጠዋት ግሊቤንክላሚድ ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ሌላው ነው። ኪኒኑ ምግብ ይኑር አይኑር አይጠብቅም፣ ስኳሩን ያወርደዋል። ሁዳዴም ይሁን ረመዳን፣ ጾሙ ሳይገባ ሐኪማችሁን አማክሩ፤ ሰዓቱና መጠኑ ሊቀየር ይችላል። የንስሐ አባታችሁን ወይም ሼኻችሁንም ጠይቁ፣ ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ፈቃድ አላቸው።

ስኳር ከ70 በታች ሲወርድ ወይም ላብ፣ መንቀጥቀጥና የልብ ምት መፍጠን ሲመጣ ዳቦ ፍለጋ አትሂዱ። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ጠጡ፣ ወይም የትንሹን ጠርሙስ ለስላሳ ግማሽ፣ «ዜሮ» ያልሆነውን። ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኩ፣ ካልተነሳ ድገሙ። ከዚያ ምግብ ብሉ። ግሊቤንክላሚድ የሚወስድ ሰው፣ በተለይ አዛውንት፣ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ስለሚችል ጤና ጣቢያ ይሂድ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አታፍስሱ፣ ይታነቃል።

ማር ስኳር ነው። የማንጎ ጁስም እንደዚያው። የጤፍ እንጀራ ጥሩ ምግብ ነው፣ ግን መጠን አለው፤ «ጤፍ ስለሆነ» ብሎ ሦስት መብላት አያዋጣም።

ሜትፎርሚን ሆዴን አመመኝ ብሎ መተው። ከምግብ ጋር ውሰዱት፣ በትንሽ መጠን ጀምሮ ቀስ እያሉ መጨመር እንደሚቻልም ሐኪማችሁን ጠይቁ። ብዙዎች በሳምንታት ውስጥ ይለምዱታል።

ስለ ሜትፎርሚን ሌላ የሚረሳ ነገር አለ። ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12 ሊቀንስ ይችላል። ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከዕንቁላልና ከዓሣ ነው፣ ስለዚህ ረጅም ጾም የሚጾም ሰው የበለጠ ይጋለጣል። እግር ሲደነዝዝ ሁሉም «የስኳር ነው» ብሎ ያልፈዋል፣ ቢ12 ማነሱ ሊሆንም ይችላል። እንዲመረመር ጠይቁ። ተጨማሪ ቫይታሚን በእውነት የሚጠቅመው እንዲህ ጉድለቱ በምርመራ ሲታወቅ ነው፤ በጠርሙስ ሽፋን ላይ ባለ ማስታወቂያ አይደለም።

ኢንሱሊን ፍሪዘር ውስጥ አታስቀምጡ፣ መደበኛው ፍሪጅ ይበቃል። አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም አይሠራም፣ ጣሉትና አዲስ ውሰዱ።