ከ40 በኋላ ልውለድ ወይ ለምትሉ፣ ከመወሰናችሁ በፊት

ጅማ ውስጥ 40 አልፏት ልውለድ የምትል ሴት ወይ «በዚ እድሜሽ?» ትባላለች ወይ «አላህ ለሳራ በእርጅናዋ ሰጥቷት የለ እንዴ» ይሏታል፣ ሁለቱም ለመወሰን አይጠቅሟትም። ትክክል ነው አይደለም የሚለው ለኔ የሚለየው በእድሜሽ ሳይሆን ልጁን ማን ያሳድገዋል በሚለው ነው።

መጀመሪያ ሂሳቡን ስሪ። 44 ላይ ከወለድሽ ልጅሽ 18 ሲሞላው አንቺ 62 ነሽ፣ የመንግስት ሰራተኛ ከሆንሽ በ60 ጡረታ ወጥተሻል። የባልሽንም እድሜ ደምሪ፣ ወንድ በ60 አመቱ ሲወልድ እልል ይባላል እንጂ ማንም አይጠይቀውም፣ ልጁ ግን አባትም ያስፈልገዋል።

ቀጥሎ ያለው እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ነው። እኛ ጋ «ቤተሰብ አለኝ» ሲባል ብዙ ጊዜ አንዲት የ14 የ15 አመት ልጅ ማለት ነው፣ ትልቋ ልጅሽ ወይ ከዴዶ ከሰቃ ለትምህርት የመጣች የእህትሽ ልጅ። ግፊትሽ ተነስቶ ስትተኚ ህፃኑን አዝላ ጀበና የምትጥደው፣ ሌሊት ሲያለቅስ የምትነሳው፣ ጠዋት ደግሞ ፈተና የምትቀመጠው እሷ ነች፣ ማንም ግን ፈቃዷን ጠይቋት አያውቅም። ስለዚ ጠይቂያት። ቡና ላይ ጎረቤት በተሰበሰበበት አይደለም እዛ እምቢ ማለት አትችልም፣ ለብቻዋ አርገሽ «እኔ ብታመም ሁሉም አንቺ ላይ እንዲወድቅ አልፈልግም፣ ማን ያግዘን?» በያት። አቀርቅራ ዝም ካለች መልሱን ነግራሻለች፣ ሌላ ሰው ፈልጊ፣ ሰራተኛ ከሆነም ደሞዟን ካሁኑ አስቢ። «እኛ አለን» የሚሉ እህት ወንድሞችሽም በየትኛው ቀን እንደሚመጡ ይንገሩሽ።

ከዛ ሳትረግዢ በፊት ሀኪም ጋ ሂጂ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሜዲካል ሴንተር የማህፀን ስፔሻሊስቶች አሉ። ግፊትና ስኳር ተለኪ፣ ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚን በቀን 400 ማይክሮግራም ቢያንስ ከ1 ወር በፊት ጀምሪ። እድሜ ሲገፋ የፅንስ መጨናገፍ፣ ግፊትና የእርግዝና ስኳር ይጨምራል፣ የዳውን ሲንድረም (ከፅንስ ጀምሮ ያለ፣ የልጁን የአእምሮና የአካል እድገት የሚያዘገይ ሁኔታ) እድልም 25 ላይ ከ1,200 አንድ አካባቢ የነበረው 40 ላይ ከ100 አንድ አካባቢ ይደርሳል። ይሄ አያስደንግጥሽ፣ ግን እንደዛ ሆኖ ቢወለድስ የሚለውን ከባልሽ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አይቪኤፍ (እንቁላልና ዘር ከማህፀን ውጪ ላብራቶሪ ውስጥ አገናኝቶ ወደ ማህፀን መመለስ) ካሰብሽ በመንግስት በኩል አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አለ። በራስሽ እንቁላል ከ43 በኋላ የሚሳካላቸው ጥቂቶች ናቸው፣ ስለዚ እስከዚ ብር ድረስ ብለሽ ካሁኑ ወስኚ፣ የቡና መሬት ሸጦ መሞከር የሚወለደውን ልጅ ጉርሻ ቀድሞ መብላት ነው።

ጉዲፈቻም አለ፣ የጅማ ሰው ከጥንት የሚያውቀው ነው፣ አሁን በፍርድ ቤት ይፀድቃል። የ7 አመት ልጅ ብትወስጂ ሂሳቡም ይቀልልሻል፣ ብቻ ከየት እንደመጣ ከጎረቤት ሳይሆን ካንቺ ይስማ።

በየትኛውም መንገድ እናት ከሆንሽ ኑዛዜ አትፍሪ፣ ሟርት አይደለም። በ4 ምስክር ፊት ተነቦ ይፈረማል፣ እናንተ ባትኖሩ ሞግዚት የሚሆነውን ሰው ራሱን አስፈቅደሽ ስሙን አስገቢ፣ ወረቀቱ የት እንደተቀመጠም ይወቅ።