አስፒሪንና አይቡፕሮፌን አብሮ ለሚወስድ ሰው፦ ሰዓቱን እንዴት ማስተካከል ይቻላል?

ለልብ ሕመም በሐኪም ትእዛዝ በየቀኑ ከ75 እስከ 100 ሚሊ ግራም አስፒሪን የሚወስድ ሰው፣ ጉልበቱን ሲያመው አይቡፕሮፌን ከጨመረ፣ የትኛው እንደሚቀድም ማወቅ ይኖርበታል።

ሁለቱም የሚያርፉት ሳይክሎኦክሲጅኔዝ በሚባል ኢንዛይም ላይ ነው። ይህ ኢንዛይም ከሕዋስ ሽፋን የሚለቀቀውን አራኪዶኒክ አሲድ ይዞ፣ ሕመምንና ትኩሳትን የሚያባብሱ ነገር ግን የጨጓራን ግድግዳ የሚጠብቁ ፕሮስታግላንዲኖች እንዲሁም ፕሌትሌቶች የሚባሉ ጥቃቅን የደም ክፍሎች እንዲጣበቁና ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ትሮምቦክሴን እንዲሠሩ መንገድ ይከፍታል። አስፒሪን ኢንዛይሙን ለዘለቄታው ያሰናክለዋል። ፕሌትሌት ኒውክሊየስ (የሕዋስ አስኳል) ስለሌለው ምትክ ኢንዛይም መሥራት አይችልም፤ በመሆኑም ውጤቱ ከ7 እስከ 10 ቀን የሚደርሰውን የፕሌትሌቱን ዕድሜ ሁሉ ይዘልቃል። አይቡፕሮፌን ግን ቦታውን ለጥቂት ሰዓታት ይዞ ይለቃል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ አይቡፕሮፌን ቀድሞ ከገባ አስፒሪኑ መያዣ አጥቶ የደም መርጋትን የመከላከል ሥራውን ሳይሠራ ከደም ይወገዳል።

ስለዚህ ሽፋን የሌለውን ተራ አስፒሪን አስቀድመው ይውሰዱ፤ ከዚያም ቢያንስ 30 ደቂቃ ጠብቀው አይቡፕሮፌኑን ያስከትሉ። አይቡፕሮፌኑ ከቀደመ አስፒሪኑን ከ8 ሰዓት በላይ ያቆዩት። አንጀት ውስጥ ለሚሟሟ ባለ ሽፋን አስፒሪን ይህ ስሌት ስለማይሠራ ፋርማሲስትዎን ያማክሩ።

በእኔ አመለካከት፣ የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ሰዓት ከመቁጠር ይልቅ ፓራሲታሞል ይበቃው እንደሆነ ሐኪሙን ቢጠይቅ ይመረጣል፤ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን የጨጓራ መድማት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና ይሂድ።