ኮንቲጎቹ እንደ ሽሮ ሲደባለቁ፦ ችግርና መፍትሄ

በኮንቲጎች (ከተነበበው ዲኤንኤ በተገጣጠሙ ቁርጥራጮች) ውስጥ ባለ አራት ፊደል የዲኤንኤ ቃላትን ቆጥራችሁ የየትኛው ባክቴሪያ እንደሆኑ ልትመድቡ ተቀምጣችኋል እንበል። ፋይሉ ይከፈታል፣ ኮዱም ይሠራል። ውጤቱ ግን ውጤት አይመስልም። ቱሉ ዲምቱ ቤቴ ድረስ ተይዘው የሚመጡት ላፕቶፖች ሕመማቸው ያው ነው።

ነጥቦቹ በፒሲኤው (ብዙ ቆጠራን ወደ አንድ ሥዕል በሚጠቀልለው ዘዴ) ላይ እንደ መቁጠሪያ በአንድ መስመር ከተደረደሩ፦ ጥሬ ቆጠራ ነው ያስገባችሁት። የምታዩት የኮንቲጉን ርዝመት ነው። እያንዳንዱን ቆጠራ ለኮንቲጉ ጠቅላላ ድምር አካፍሉት።

አንዱ ባክቴሪያ መንታ ሆኖ ከወጣ፦ ዲኤንኤ ሁለት ክር ነው፤ ኮንቲጉ ከየትኛው እንደተነበበ አይታወቅም። ኤኤጂሲን ከጂሲቲቲ ጋር አንድ አድርጋችሁ ቁጠሩ። 256ቱ ቃላት 136 ይሆናሉ።

ሁሉም ነገር አንድ ክምር ከሆነ፦ እዚህ ላይ ቡና ይፈላ። ይሄ ነው ያሰለቸኝ።

ምክንያቱ አጫጭር ኮንቲግ ነው። 500 ፊደል ያለው ኮንቲግ 497 ቃል ብቻ ይሰጣል። ለ136 ሣጥን ስታከፋፍሉት ለአንዱ አራት እንኳ አይደርሰውም። አንድ ቃል በአጋጣሚ ሁለት ጊዜ ቢጨመር መልኩ ሁሉ ይለወጣል። 5,000 ፊደል ሲሆን ግን ለአንዱ ሣጥን ወደ 37 ይደርሳል፤ ያኔ ባክቴሪያው ራሱ መናገር ይጀምራል።

አንድ የማስተርስ ተማሪ የአቃቂ ወንዝ ናሙና ይዞ መጣ። አብዛኛው ኮንቲግ ከ1,000 በታች ነው። ነጥቦችን በቡድን የሚከፍለውን ኬ-ሚንስን 12 ቡድን አውጣ ብሎታል፤ እሱም ታዞ አውጥቷል። ኬ-ሚንስ እኮ አሸዋ ብትሰጡትም 12 ቦታ ይከፍለዋል! ልጁ ለሁሉም ስም አውጥቶ ጨርሷል። አጫጭሮቹን ስናወጣ ግማሾቹ ቡድኖች ጠፉ።

ሌላዋ ደግሞ ባሰች። «አጫጭር ከሆኑ ለምን አልቀጣጥላቸውም?» ብላ ጫፍ ለጫፍ ሰፍታቸዋለች። አተርና ባቄላው አብሮ ከተፈጨ በኋላ ማን ይለየዋል? እባካችሁ አትቀጥሉ። ደግሜ እላለሁ፣ አትቀጥሉ።

መፍትሄው ከ2,500 በታች የሆነውን ማውጣት ነው። ኮንቲግ የሚመድበው ሜታባት 2 የተባለው ፕሮግራም እንኳ ቅንብሩን ካልነካችሁት የሚጀምረው ከዚያ ነው። የቀሩትን አጫጭሮች በኋላ መመደብ ካስፈለገ በሽፋን (ቁራጩ ስንት ጊዜ ተደጋግሞ እንደተነበበ) ሞክሩ፤ የአንድ ባክቴሪያ ቁርጥራጮች በናሙናው ውስጥ ያላቸው ብዛት ይቀራረባል።

ዘዴያችሁን በስታፊሎኮከስ ኦውረስና በቲቢ ባክቴሪያ ፈትናችሁ «ይሠራል» አትበሉኝ። የአንዱ ጂሲ (የጂና የሲ ፊደላት ድርሻ) 33 በመቶ ገደማ፣ የሌላው 65 በመቶ በላይ ነው። እነሱን የሰፈር ልጅም ይለያቸዋል። ጂሲያቸው የሚቀራረብ ሁለት ባክቴሪያዎች ውሰዱ፣ ጂኖማቸውን በ500፣ በ2,500 እና በ10,000 ቆራርጡና እዩት።

ቆጠራው ከተጠበቀው ካነሰ፦ እኛ ሰፈር መብራት ሳይሰናበት ነው የሚሄደው፤ ፋይሉም ተቆርጦ ይቀራል። የፋይሉ የመጨረሻ መስመር ሙሉ መሆኑን እዩ።

አንድ ቁራጭ ከባለቤቱ ርቆ ከወደቀ፦ ፕላዝሚድ (ከዋናው ጂኖም ውጪ ያለ ትንሽ ዲኤንኤ) ወይም ፌጅ (የባክቴሪያ ቫይረስ) ይሆናል። አስገድዳችሁ አትመልሱት።

በጣም የሚቀራረቡት ሺጌላና ኢ. ኮላይ የተባሉ ባክቴሪያዎች አልለይ ካሉ፦ በዚህ ዘዴ አይለዩም። ቆጠራውን ተዉና የትኞቹን ጂኖች እንደያዙ እዩ።