ለኮልስሎ የሚሆን ጥቅል ጎመን፦ ሳህን ላይ የሚታየው ችግርና ዘር ላይ የሚገኘው መፍትሄ

በቤት ውስጥ የሚዘጋጅ ኮልስሎ፣ ማለትም በጥሬው ተከትፎ በማዮኔዝ ወይም በኮምጣጤ የሚለወስ የጥቅል ጎመን ሰላጣ፣ ሲበላሽ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በማዮኔዙ ወይም በኮምጣጤው ላይ ይላከካል። ጎመኑን በጓሮው የሚያለማ ሰው ግን ከማጣፈጫው በፊት የዘሩን ፓኬት መመርመር ይኖርበታል፤ አንድ ዝርያ ለአልጫ እጅግ ተስማሚ ሆኖ ሳለ በጥሬው ተከትፎ ሲለወስ ውሃ የሚያቁር ወይም ለማኘክ የሚያስቸግር ሊሆን ይችላልና። ከዚህ በታች የቀረበው በዋናነት በደጋና በወይና ደጋ ለሚያለሙ ቤተሰቦች የታሰበ ነው።

ሰላጣው ውሃ ያቁራል

ኮልስሎው ከተለወሰ ብዙም ሳይቆይ ከሥሩ ነጣ ያለ ውሃ የሚጠራቀም ከሆነ፣ ምክንያቱ ጨውና ስኳሩ ከተከተፈው ቅጠል ውስጥ ውሃ መሳባቸው ነው። ይህ በማንኛውም ጎመን ላይ የሚደርስ ቢሆንም፣ ጥቅላቸው ልል በሆነና ቶሎ በሚደርሱ ዝርያዎች ላይ ይብሳል። በአገራችን የዘር መሸጫ ሱቆች በብዛት የሚገኘው ኮፐንሃገን ማርኬት፣ ችግኙ ወደ መደቡ ከተዛወረ በኋላ ከ65 እስከ 75 ባሉት ቀናት ገደማ የሚደርስ ክብ ጎመን ነው፤ ጎልደን ኤከር የተባለው ደግሞ ጥቂት ይቀድመዋል። ሁለቱም ለስላሳና ጣፋጭ ስለሆኑ ወዲያው ለሚበላ ኮልስሎ ከእነርሱ የሚበልጥ አላውቅም። ተለውሶ ለሚያድር ሰላጣ ግን እንደ ዴኒሽ ቦልሄድ ያለ፣ 100 ቀን ገደማ የሚፈጅና ቅጠሉ እርስ በርሱ የተጣበቀ ዝርያ ይሻላል።

ፓኬቱ የጠፋበት ሰው አንዱን ጥቅል ከላይ እስከ ታች ለሁለት ሰንጥቆ ይመልከት። በቅጠሎቹ መካከል ሰፊ ክፍተት የሚታይበትና በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ጎመን ውሃ ማቁሩ አይቀርም፤ ቢላዋው እየታገለ የሚያልፍበትና የተቆረጠው ፊቱ ያለ ክፍተት የሞላው ግን ለኮልስሎ ይሆናል። ልሉ ጎመን አስቀድሞ ከተሰበሰበም መላ አለው፦ ለ1 ኪሎ ክትፍ ጎመን አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ነስንሶ በማጥለያ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ማቆየት፣ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቆ በንጹህ ጨርቅ ጠበቅ አድርጎ መጭመቅ፣ ከዚያም ሳይጨምሩ በፊት ቀምሶ ተጨማሪ ጨው ማስፈለጉን ማረጋገጥ ነው።

ጣዕሙ ይመርራል ወይም እንደ ሰናፍጭ ይሰነፍጣል

ጎመን ሲቆረጥ በሕዋሳቱ ውስጥ ተለያይተው የነበሩ ግሉኮሲኖሌት የተባሉ ንጥረ ነገሮችና አንድ ኢንዛይም ይገናኛሉ፤ የሚሰነፍጠውም ጣዕም ከዚህ ግንኙነት ይወለዳል። በሙቀትና በውሃ ጥም ያደገ ጎመን እነዚህን ንጥረ ነገሮች አብዝቶ ሊይዝ ስለሚችል፣ መፍትሄው ከዝርያው እኩል በወቅቱ ምርጫ ላይም ነው። ጥቅል ጎመን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው አየር ይስማማዋል፤ የሌሊት ቅዝቃዜም ስኳሩን ከፍ ያደርግለታል። በደጋው አካባቢ ዘሩን በነሐሴ አጋማሽ በችግኝ መደብ ዘርቶ በመስከረም አጋማሽ ያዛወረና ዝናቡ ካቆመ በኋላ ውሃ ያላቋረጠበት ሰው፣ ኮፐንሃገን ማርኬቱን ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት በኅዳር መጨረሻ ላይ ይሰበስባል። እንደ ሚኒሶታ ባሉ ቀዝቃዛ የአሜሪካ ግዛቶች ጓሮ ያላቸው ወገኖቻችንም በበጋቸው መጀመሪያ ዘግይቶ የሚደርስ ዝርያ ቢተክሉ፣ የመጀመሪያው ቀለል ያለ ውርጭ ካረፈበት በኋላ ጣፋጭ ጎመን ያገኛሉ። ለስላሳነትን ከሁሉ በላይ ለሚፈልግ ደግሞ ጫፉ ሾጣጣ የሆነው ኧርሊ ጀርዚ ዌክፊልድ የሚመሰገን ነው፤ ብዙ ጊዜ ስለማይቀመጥ ግን በጥቂቱ ይተከል።

ለማኘክ ያስቸግራል

ይህ ለረጅም ጊዜ እንዲቀመጡ የተዳቀሉ ዝርያዎች ባሕርይ ሲሆን፣ በመደቡ ላይ ከልክ በላይ የቆየ ጎመንም እንዲሁ ይሆናል። የውጭዎቹን ቅጠሎች ለወጥ መለየት፣ ግንዱንና ወፍራሞቹን የቅጠል ጅማቶች ማውጣት፣ የቀረውንም ጅማቱን አግድም እየቆረጡ በተቻለ መጠን ማቅጠን ይበቃል። ቅጠሉ የተጨማደደው ሳቮይ አይጠነክርም፤ ነገር ግን ማዮኔዙ በጭምድዱ ውስጥ እየገባ ሰላጣውን ስለሚያከብደው ለብቻው ባይሠራ እመክራለሁ።

ሰላጣው ሮዝ ወይም ሰማያዊ ይሆናል

ቀይ ጥቅል ጎመን፣ ለምሳሌ ሬድ ኤከር፣ አንቶሲያኒን የተባለ በውሃ የሚሟሟ ቀለም አለው። ቀለሙ ኮምጣጣ ነገር ሲነካው ይቀላል፤ ኮምጣጣነቱ ሲጠፋ ወደ ሰማያዊነት ያዘነብላል። ስለዚህ ቀዩን ብቻውን በሎሚ ወይም በኮምጣጤ አሽቶ ማስቀመጥና ከነጩ ጋር የሚቀላቅሉት ሊቀርብ ሲል ብቻ ማድረግ ያስፈልጋል። መጠኑም ከጠቅላላው ሩብ ባይበልጥ ይመረጣል።

ጥቅሉ በመደቡ ላይ ይሰነጠቃል

የደረሰ ጥቅል ድርቀት ቆይቶበት በድንገት ብዙ ውሃ ሲያገኝ፣ ውስጡ ከውጭው ቅጠል አቅም በላይ ያድግና ይፈነዳል። ቶሎ የሚደርሱት ዝርያዎች ለዚህ ይበልጥ ስለሚጋለጡ፣ እንደጠነከሩ ወዲያው መሰብሰብ አለባቸው። መሰብሰብ ካልተቻለ ጥቅሉን በሁለት እጅ ይዞ ሩብ ዙር ያህል ማዞር ከሥሩ የተወሰነውን ስለሚበጥስ የውሃውን አወጣጥ ያዘገየዋል። የተሰነጠቀው ንጹህ ከሆነና ካልሸተተ በዕለቱ ለኮልስሎ ቢውል ምንም አይለውም።

ጭራሽ አልጠቀልልም ይላል

የበዛ ሙቀት፣ ጥላ፣ የችግኞች መጨናነቅና የንጥረ ነገር እጥረት ዋነኞቹ ምክንያቶች ናቸው፤ ዩሪያ ያለ ልክ ማብዛትም ቅጠሉን እያንዠረገገ ጥቅሉን ልል ያደርገዋል። ቆላ ቀመስ በሆነ ቦታ የሚያለማ ሰው፣ ሙቀት እንደሚችል በፓኬቱ ላይ በግልጽ የተጻፈበትን ድቅል ዘር ይፈልግ። ከድቅል ጎመን የተለቀመ ዘር ግን እናቱን ስለማይመስል ለሚቀጥለው ዓመት አይቀመጥም።

ጥቅሉ ለቤተሰቡ ይበዛል

ግማሹ በማቀዝቀዣ ውስጥ ጠውልጎ የሚጣል ከሆነ ዝርያውን መቀየር አያስፈልግም። በችግኞች መካከል የሚተወውን ርቀት ከ45 ወይም ከ50 ሴንቲ ሜትር ወደ 30 ዝቅ ማድረግ ጥቅሉን ያሳንሰዋል፤ ችግኞቹንም ሁሉንም በአንድ ቀን ከማዛወር ይልቅ በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ማዛወር የሚደርሱበትን ጊዜ ያፈራርቀዋል፤ ለዚህ ግን ዘሩም በችግኝ መደቡ ላይ በዚያው መጠን ተፈራርቆ መዘራት አለበት፣ በመደቡ ላይ የቆየ ችግኝ ቀጥኖና ረዝሞ ጥሩ ጥቅል ሳይሰጥ ይቀራልና።