ሰዋስዉ ልክ፣ መልእክቱ ሌላ፦ የአስጎብኚ እንግሊዝኛ ችግርና መፍትሄ

ጎንደር ውስጥ ቱሪስት ለምታስጎበኙ ነው።

ችግር፦ ፋሲል ግቢ ውስጥ የኢያሱን ቤተ መንግሥት ታሳያላችሁ። ይደነቃል ያላችሁት እንግዳ ከንፈሩን ይመጥጣል። ያላችሁት ይህ ነው፦ «ዘ ፓላስ ኢዝ ስቲል ስታንዲንግ፣ ኦልዶ ዘ ብሪቲሽ ቦምብድ ኢት።» ስህተት የለበትም።

ምክንያት፦ በእንግሊዝኛ ክብደቱ ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ያርፋል። ቦምቡን መጨረሻ ላይ ስላደረጋችሁት ሰውየው ቦምቡን ይዞ ሄደ።

መፍትሄ፦ «ኦልዶ ዘ ብሪቲሽ ቦምብድ ኢት፣ ዘ ፓላስ ኢዝ ስቲል ስታንዲንግ።» አሁን የቀረው መቆሙ ነው። «ቦምብ ቢጣልበትም ቆሟል» ከምንለው ጋር አንድ ነው። እንግሊዝኛ የአማርኛ ግልባጭ ነው እየተባልን ስላደግን ያገኘነውን ሁሉ እንገለብጣለን። ግሱን አዎ፣ ከተሳቢው በፊት አምጡት። ሐረጎቹ ግን በሁለቱም በኩል ይሄዳሉ፤ ምርጫው የእናንተ ነው።

ችግር፦ ይሄኛው ይብሳል። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንብ እንዳዳናት የሚነገረውን ትተርካላችሁ። እንግዳው «ታዲያ ለምን አቃጠሏት?» ብሎ ቁጭ!

ምክንያት፦ «ዜይ ዲድ ኖት በርን ዘ ቸርች ቢኮዝ ዘ ቢስ ኬም ኦውት» ብላችኋል። «ኖት» ማቃጠሉን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም ሊያፈርስ ይችላል። ስለዚህ «ንብ ስለወጣባቸው አላቃጠሉም» ተብሎም ይሰማል፣ «አቃጥለዋል፣ ግን በንቡ ምክንያት አይደለም» ተብሎም።

መፍትሄ፦ ምክንያቱን አስቀድሙ። «ቢኮዝ ዘ ቢስ ኬም ኦውት፣ ዜይ ዲድ ኖት በርን ዘ ቸርች።» አለቀ። በ«ቢኮዝ» አረፍተ ነገር አይጀመርም የምትለዋን የክፍል ሕግ እርሷት፤ ዋናው ሐረግ እስከተከተለ ድረስ ይጀመራል። እንግዳው ራሱ «ለምን?» ብሎ ከጠየቀ ግን አዲሱ ነገር ምክንያቱ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ቢመጣ ያምራል።

ችግር፦ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው ላይ የተሳሉትን መላእክት ስታሳዩ እንግዳው ፈገግ ይላል።

ምክንያት፦ «ስታንዲንግ ሂር፣ ዘ ኤንጅልስ ሉክ ዳውን አት አስ።» በዚህ አባባል እዚህ የቆሙት መላእክቱ ሆኑ።

መፍትሄ፦ ባለቤቱን ጨምሩ፦ «አዝ ዊ ስታንድ ሂር»።

ስትናገሩ፣ የቀደመው ሐረግ ሲያልቅ ትንሽ ቆም በሉ፤ ስትጽፉ ኮማ አድርጉ። «ዌን» ከኋላ ስትመጣ አብዛኛውን ጊዜ ኮማ አትፈልግም። «ኦልዶ» ግን ከኋላም ሆና ትፈልጋለች።